ሁለት ሰው የሚሠራበት ቤት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁለት ልጆች ቀለበት አሰሩ። እሱ ሂሳብ ክፍል ነው፣ እሷ መዝገብ ቤት። በምሳ ሰዓት ክበብ ተቀምጠን ሳለ ወሬው ከሠርጉ ወደ ኑሮው ዞረና፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ቢሠሩ ስንት ቢያገኙ ነው «ተመችቷቸዋል» የሚባለው የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ የቤት ኪራዩን ያሰላል፣ ሌላው የልጅ ወተት ያነሣል፣ አንዷ ደግሞ ሠራተኛ ሳይቀጥሩ ምን ምቾት አለ ትላለች። ጡረታዬ የደረሰ ሴትዮ ነኝና መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ አምሳል፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

«ከተስማሙ ትንሹም ይበቃል» ብዬ፣ ሰው ከአሮጊት የሚጠብቀውን መልስ ሰጥቼ ተነሣሁ። የማውቀው ግን ሌላ ነው። ያደግሁት ሁለት ሰው በሚሠራበት ቤት ነው፤ በዚያን ዘመን ደባርቅ ውስጥ «እነሱማ ተመቻቸው» የሚባል ቤት ቢኖር የእኛ ነበር።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አሥመራ የሚሄድ ካሚዮን ሁሉ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ደባርቅ ያድራል። ያንን ቁልቁለት በጨለማ የሚወርድ ሾፌር ወይ ሰክሯል ወይ ኑሮ ሰልችቶታል ይባል ነበር። እናቴ አገርነሽ እነዚህን ሾፌሮችና ረዳቶቻቸውን ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ አልጋ ታከራያለች። የገብስ ጠላዋና አረቄዋ ከአዘዞ እስከ ዓዲ አርቃይ ስም ነበረው። ደጃችን ካሚዮን ሲቆም ሞተሩን ሰምቼ የማን እንደሆነ እናገር ነበር፤ እሷም ሞተሩ ሳይጠፋ የዚያን ሾፌር አመል ታውቃለችና ወጡን በዚያው ልክ ታቀርባለች። አንዱ በርበሬ አይችልም፣ አንዱ ሥጋ ካልበላ አይተኛም፣ ፋንታዬ የሚባለው ደግሞ ሁልጊዜ አረቄውን ከወተት በኋላ ነው የሚጠጣው።

አባቴ አቶ ሀብተ ሚካኤል የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከጎጃም፣ ከዳንግላ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በጭቃው መካከል ድንጋይ እየመረጠ ሲረግጥ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሁሉ ይነሣለታል። እኔ በር ላይ ቆሜ ስንት ሰው እንደተነሣለት አይ ነበር። ማታ ሲመለስ እናቴ የሞቀ ውሃ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች፤ እሱም ኮቱን ለእሷ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ያኔ ቆርቆሮ የነጋዴና የመኳንንት ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ እላያችን ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ሰው አያነጋግርም፤ ጎረቤቶቻችን በሣር ቤታቸው ጸጥ ብለው ሲቀመጡ እኛ እንጯጯኻለን። እኔ በዚህ እኮራ ነበር። በልጅ ሂሳቤ ቆርቆሮው ከአባቴ ደመወዝ የመጣ ነው፣ የምንበላው ደግሞ ከእናቴ ሥራ። ሁለቱ ሲደመሩ የእኛ ቤት ይሆናሉ።

ሂሳቡ ልክ አልነበረም። የአባቴ ደመወዝ ለዚያ ቤት ምስማር እንኳ አልገዛም። በየወሩ፣ ወደ ጎንደር በሚመለስ ሾፌር እጅ፣ ወደ ዳንግላ ይሄድ ነበር። ለአያትሽ ነው እባል ነበር። አያቴ እኔ ሳልወለድ እንደሞተች ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ቤቱን ያቆመው፣ ያበላንም፣ የአባቴን ክራቫት የገዛውም አረቄው ነው።

በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሽማግሌዎች እናቴን ሊያከብሩ ይመጡ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። አጎቴ ታገኘ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከዳባት በበቅሎ ይመጣል። አያ ባዘዘው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መሀል ይቀመጣሉ። ነጋዴው ያርጋል በአባቴ በኩል ይሆናል። በግ ይታረዳል። እናቴ ያን ቀን ወጥ ቤት አትገባም፤ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። አባቴ ይነሣና፣

«ዓመቱ በሰላም አለቀ። አገርነሽ አልበደለችኝም፣ እኔም አልበደልኳትም። ብትቀጥል እቀጥላለሁ» ይላል።

«ቀጥያለሁ» ትላለች እናቴ።

ከዚያ በሰው ፊት ገንዘብ በእጇ ያስይዛታል፣ ከላዩ የቀሚስ ጨርቅ ይደርብላታል። አያ ባዘዘው ይመርቃሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እኔም በማግስቱ ለሰፈር ልጆች፣ «የእናንተን እናት ማን ያውቃታል? የእኔን አባቴ በየዓመቱ ሰው ሰብስቦ ይሸልማታል» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ታየች የምትባል ጎረቤታችን ይህን ስል ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች። ቅናት መስሎኝ ነበር።

ሽልማት አልነበረም። እናቴ የደመወዝ ሚስት ነበረች። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ወንድ፣ በዓመት ይህን ያህል ብሎ በዋስ ፊት ተዋውሎ ሴት ያገባል። ዓመቱ ሲሞላ ውሉ ይታደሳል ወይም ይፈርሳል። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ትዳሩ ሲፈርስ ንብረቱን እኩል ትካፈላለች፤ የደመወዝ ሚስት ደመወዟን ተቀብላ ትወጣለች። አጎቴ ታገኘ የሚመጣው የእናቴ ዋስ ስለሆነ ነው፣ ያርጋልም የአባቴ። እኔ ሽልማት እያልኩ የተኩራራሁበት የእናቴ የዓመት ክፍያ ነበር፤ ገንዘቡም ቢሆን ከራሷ ሙዳይ ወጥቶ ወደ ራሷ እጅ የሚመለስ ነው።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። እናቴ እህሉን ከእኔ ጋር አስቀምጣ ሄዳለች። ሴቶቹ የእኛን ቤት አነሡ።

«ባል ከመንግሥት፣ ሚስት ከሾፌር» አለች ታየች። «በሁለት እጅ እየዛቁ ምን ይጎድላቸዋል?»

«ምኑ ይጎድላል» አለች እናናዬ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ። «የሰው ቤት መክደኗ ነው እንጂ።»

«ተይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ሰማሁ፤ ደሜም ፈላ። ቤት ስደርስ እናቴ የጠላውን ድፍድፍ እያማሰለች ነበር። «እናናዬ ቤታችንን የሰው ቤት አለችው» ብዬ አሳበቅሁ። ሄዳ ልኳን እንድትነግራት ነበር የፈለግሁት። እናቴ ማማሰሉን አቆመች።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ የለም።»

«በይ እንጨት አቀብዪኝ» አለችና ማማሰሏን ቀጠለች። በማግስቱ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዛ ወደ እናናዬ ቤት ስትሄድ አየሁ። ሁለቱ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ጠብ ስጠብቅ ጨዋታ ሆነብኝና ተናድጄ ጥያቸው ወጣሁ።

የዚያን ዓመት ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። አባቴ ተነሥቶ የሚለውን አለ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«እቀጥላለሁ» አለች። «በሰማንያ ከሆነ።»

ያርጋል ሳቀ። አጎቴ ታገኘ መሬት መሬት አየ። አባቴ አልተቆጣም፤ ድምፁ እንዲያውም ለሰለሰ።

«ምነው አገርነሽ፣ ምን ጎደለብሽ?»

«ዛሬማ ምን ይጎድልብኛል። ቆርቆሮው በአረቄዬ ተከደነ፣ አልጋው በአረቄዬ ተገዛ። መሬቱ ግን በእርስዎ ስም ነው። እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፤ ነገ ዝውውር ይመጣብዎታል። ያኔ እኔ ምኔን ይዤ ልወጣ ነው? ልጄንስ?»

«ነገሯ ፍሬ አለው፣ አቶ ሀብተ ሚካኤል» አሉ አያ ባዘዘው።

«እኔስ መቼ ጠላሁ፣ አያ ባዘዘው» አለ አባቴ። «እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ። አገር ቤት ዘመድ ላማክርና በሰማንያ አደርገዋለሁ።»

እናቴ ተነሥታ እጁን ሳመች። የዚያን ቀን ደመወዟን አልተቀበለችም፤ «ይቆይ፣ ከእንግዲህ የአንድ ቤት ገንዘብ ነው» አለች። እኔ የገባኝ ፋሲካ ላይ ትልቅ ድግስ መኖሩ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ እናቴ ስትሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ ሳስበው ይደክመኛል። ግድግዳውን በጭቃ አስመርጋ ኖራ አስቀባች። አራተኛ አልጋ አሠራች። በግ ገዝታ አሰረች፤ ሣሩን እኔ ነበርኩ የማመጣለት። አልፎ አልፎ ሥራዋን ትታ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስሰዋለች። ደርቆ እንደሆነ ለማየት ይመስለኝ ነበር፤ ከደረቀ ሰንብቷል።

በሆሣዕና ሰሞን አባቴ ከሥራ ቀርቶ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ደጅ ሲል ዋለ። ወደ ማምሻው የፋንታዬ ካሚዮን ቆመ። ከጋቢናው አንዲት ጠይም፣ ረዥም ሴት ወረደች፤ ሻንጣዋን ረዳቱ ተሸከመላት። ፋንታዬ እንደ ወትሮው ገብቶ አረቄ አላለም፤ እናቴን ቀና ብሎም ሳያይ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«አክስትሽ የሺወርቅ ናት» አለኝ አባቴ። «ከዳንግላ መጣች፤ ሳሚያት።»

የላስቲክ ጫማ አምጥታልኛለች፤ ሰማያዊ። ወዲያው ወደድኳት። እናቴ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ፣ ተንበርክካ እግሯን አጠበቻት። አክስቴ እግሯ እየታጠበ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ አልጋዎቹን በዓይኗ አዳረሰች።

«እንዲህ ያለ ቤት መሆኑን አልነገርከኝም» አለችው አባቴን።

«ይኸው አየሽው» አለ አባቴ።

እናቴ ፎጣውን እግሯ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ከዚያ እስከ ጣት ጣቶቿ ድረስ አደረቀቻት። እናቴ የፈራችው ዝውውር ነበር። የመጣችው የሰማንያ ሚስቱ ሆነች፤ አገር ቤት ያማከረው ዘመድ እሷ ነበረች።

የሺወርቅን አልረግማትም። በየወሩ በምትደርሳት በአንዲት ደመወዝ ልጆች ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ደባርቅ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት እንዳለው ስትሰማ ቀማኞቹ እኛ ሆነን ብንታያት አይፈረድባትም። ሁለት ቤት የሚያስተዳድር ደመወዝ አልነበረም፤ የሁለቱም ቤት ሴቶች ግን አለ ብለው አምነው ነበር። የምረግመውን አውቀዋለሁ፣ አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው።

ፋሲካ ያለ ሠርግ አለፈ። በጉ ታረደ፣ ተበላ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠሩ። እኔ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ጊዜው ሳይደርስ ሁለተኛ በዓል የመጣልን መስሎኛል።

«እኩል ይካፈሉ» አለ አጎቴ ታገኘ ገና ሳይቀመጥ። «ቤቱን ማን እንዳቆመው ደባርቅ ያውቃል።»

«ሰማንያዬ ከየሺወርቅ ጋር ነው» አለ አባቴ። «የአገርነሽ ውል የደመወዝ ነው። ዋሷ ማን ነበር፣ ታገኘ?»

አጎቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ዋሷ እሱ ነው፤ በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ ከደመወዟ ሌላ አትጠይቅም ብሎ የተዋሰ።

«ውል ውል ነው» አሉ አያ ባዘዘው። ድምፃቸው ወርዷል። «እኔም ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እግዜር ይየው እንጂ ምን እላለሁ።»

አባቴ ዓመቱ ባይሞላም ሙሉውን ደመወዝ እከፍላለሁ አለ። ቸርነት እንዳደረገ ሰው ዙሪያውን አየ። ገንዘቡን ጉልበቷ ላይ ሲያኖርላት እናቴ አልነካችውም።

«እሱን ይውሰዱት» አለች። «ልጄን ስጡኝ።»

«ልጅ የአባቷ ናት» አለ ያርጋል። «በደመወዝ አትለወጥም።»

አጎቴ ታገኘ ብድግ አለ። «ተነሺ አገር። በቅሎዋ ተጭናለች።»

እናቴ አልተነሣችም። ወደ እኔ አየች፤ እኔም እግሬን አንሥቼ ጫማዬን አሳየኋት። ከዚያ ወደ የሺወርቅ ዞረች።

«እሜቴ፣ አረቄ ማውጣት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች የሺወርቅ።

«ሾፌሮቹ የእኔን እጅ ለምደዋል። እኔ ከወጣሁ እዚህ አያድሩም፤ ገቢውም አብሮኝ ይወጣል። ሠራተኛ ያስፈልግዎታል። እኔን ይቅጠሩኝ።»

«ኧረ አገር፣ ስለ ማርያም» አለ አጎቴ።

አባቴ የሺወርቅን አያት። የሺወርቅ ጥቂት አሰበች።

«ሠራተኛ የሚከፈለውን እከፍላለሁ» አለች። «ልጅቷ ግን እኔን እናት ትበል። አንድ ቤት ሁለት እናት አይችልም።»

«እሺ እሜቴ» አለች እናቴ።

እኔ አልጋው ላይ ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የተጨነቅሁት እናቴ በበቅሎዋ ትሄዳለች ብዬ ነበርና፣ ማንም አልሄደም። እንዲያውም ሁለት ሰው የሚሠራበት ቤት ሦስት ሰው የሚሠራበት ሆነ። ታየች ይህን ስትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አጎቴ ታገኘ እህል ሳይቀምስ ወጣ። እናቴ እስከ በቅሎዋ ሸኘችው። የተነጋገሩትን የነገረኝ አርጅቶ፣ ዳባት ታሞ ተኝቶ፣ ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ነው። ምን ነካሽ፣ እንዴት በሠራሽው ቤት ገረድ ትሆኛለሽ ብሎ ቢቆጣት፣ «አምሳልን ስታድግ የማይበት ሌላ በር ስጠኝና ልሂድልህ» አለችው። የሚሰጣት በር አልነበረውም። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም እጁን ይዤ ለረዥም ጊዜ አለቀስሁ።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ልብሷን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው ስላለ የሚሞቃት እሷ ናት ብዬ ቀናሁባት። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጨዋታ ላስተምርሽ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እሜቴን እማ ትያታለሽ። እኔን አገርነሽ። ሰው ባይኖርም ባይሰማም፣ ሁልጊዜ። የተሳሳተ ተሸነፈ ማለት ነው።»

«አንቺስ ምን ትይኛለሽ?»

«እሱን ያኔ ትሰሚዋለሽ። እስኪ በይ ጥሪኝ።»

«እማ» አልኩ፣ ሆን ብዬ።

አልሳቀችም። «ተሸነፍሽ» አለች። «እንደገና።»

«አገርነሽ።»

«ጮክ በይ። ከሳሎን እንደሚሰማ አድርገሽ።»

«አገርነሽ!»

ምላሴ እስኪለምደው ድረስ አስደጋገመችኝ። ሲሰለቸኝ ከምድጃው ጥብስ ሥጋ አውጥታ እያጎረሰችኝ እንደገና በይ ትለኛለች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከእናቴ ጋር ተጫውቼ አላውቅም፤ ጊዜ አልነበራትም። በጣም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ቤቱ በሾፌር ሞላ። ፋንታዬም መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። የሺወርቅ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ሆና ሒሳብ ትቀበላለች። እኔን ወደ ገበታው ጠራችኝ።

«ነይ ልጄ፣ ምሳ ብዪ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፤ ውሃ እንድታመጣ ጥሪያት።»

ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር የሰነበትኩት። ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሬ፣ እንዳስተማረችኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«አገርነሽ!» አልኩ።

ወሬው ተቋረጠ። ፋንታዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«አቤት» አለች እናቴ።

ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ይዛ መጣች። ፊቴ ዝቅ አለች። ሳልሳሳት መጥራቴን እንድታደንቅልኝ ዓይን ዓይኗን አየሁ፤ እሷ ግን የምታየው እጄን ነበር። ውሃውን በቀስታ አፈሰሰችልኝ።

«ይታጠቡ» አለችኝ።

እኔ ስሟን ጠርቼ፣ እሷ አንቱ ብላኝ፣ ጨዋታው እንዲህ ማማሩ አስደሰተኝና፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ብቻዬን ሳቅሁ።